ደለል በል እንስሳና የማካሳር መርከበኞች

በሱላዌሲ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ከምትገኘው የማካሳር ወደብ እየተነሡ ወደ ሰሜን አውስትራሊያ ዳርቻ ይወርዱ የነበሩት ባለ ሸራ ጀልባዎች፣ ቢያንስ ከ18ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ እስከ 1907 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየዓመቱ ያን ሰፊ ባሕር የሚያቋርጡት ወርቅ ወይም ቅመም ፍለጋ አልነበረም። የሚፈልጉት ጥልቀት በሌለው የባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ አሸዋና ጭቃ ሲውጥ የሚኖር፣ ዐይንም ጥርስም አንጎልም የሌለው፣ በቅርጹ ምክንያት የባሕር ኪያር የተባለ እንስሳ ነበር። የዚህ ንግድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ከመርከበኞቹ፣ ከቻይና ገበያና ከቅኝ ገዥዎች ፉክክር አንጻር ሲሆን፣ እንስሳው ራሱ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በስሙና በዋጋው ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል። ሆኖም ምን እንደሚበላና የበላውን እንዴት እንደሚፈጭ ካልታወቀ፣ ጀልባዎቹ በአንዱ ባሕረ ሰላጤ ቆመው ሌላውን ለምን እንዳለፉት፣ በዳርቻው ላይ ያ ሁሉ ምድጃ ለምን እንደተተከለና ይህ ንግድ ከባሕሩ ምን እንደወሰደ በቅጡ ሊገባ አይችልም።

የባሕር ኪያር ከባሕር ኮከብና ከባሕር ጃርት ጋር የአንድ ዘር ወገን ነው። ከብዙ ዓይነቶቹ መካከል ማካሳሮች በሰሜን አውስትራሊያ በብዛት የሰበሰቡት፣ ሳይንቲስቶች ሆሎቱሪያ ስካብራ የሚሉት የአሸዋ ኪያር ነው፤ ስሙ በ1833 የወጣለት ይህ ዓይነት ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። መኖሪያው ደለል፣ ማለትም ወንዝና ማዕበል አምጥተው ያስቀመጡት የአሸዋ፣ የጭቃና የሞቱ ሕይወታውያን ፍርስራሽ ድብልቅ የተነጠፈበት፣ የባሕር ሣር የሚበቅልበትና የማንግሮቭ ደን የሚያዋስነው ጸጥ ያለ ውኃ ነው። ብዙ ጊዜ የቀኑን የተወሰነ ክፍል በደለሉ ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፍና ለመመገብ ወደ ላይ ይወጣል። አፉን የከበቡት 20 ያህል መዳሰሻዎች ጫፋቸው እንደ ጋሻ የተዘረጋና የሚያጣብቅ በመሆኑ፣ በወለሉ ላይ ሲያሳርፋቸው ቅንጣቶቹ ይለጠፉባቸዋል፤ ከዚያም አንዱን መዳሰሻ ከአንዱ እያፈራረቀ ወደ አፉ ያስገባና የያዘውን ጠርጎ ያስቀራል። የሚወስደውም በአብዛኛው የደለሉን የላይኛውን ስስ ንጣፍ ነው፤ ምክንያቱም የፀሐይ ብርሃን የሚያሳድጋቸው ጥቃቅን አልጌዎች፣ ባክቴሪያዎችና ከላይ የሚዘንበው ብስባሽ የሚከማቹት እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የአንጀት ነው። የእንስሳው አንጀት ከራሱ ቁመት በብዙ የሚረዝም ሲሆን፣ በሰውነቱ ውስጥ ወደ ኋላ ወርዶ፣ ወደ ፊት ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ኋላ እየታጠፈ ይሄዳል። በውስጡ የሚያልፈው አሸዋ ራሱ ምግብ አይደለም፤ ምግቡ በአሸዋው ቅንጣት ላይ የተለጠፈው ሕይወታዊ ቁስ ነው። እርሱም ከጠቅላላው ክብደት እጅግ ትንሽ ድርሻ ስለሆነ፣ እንስሳው ለመኖር ብዙ መዋጥ አለበት። ኢንዛይም የሚባሉት ምግብ አፍራሽ ንጥረ ነገሮች ባክቴሪያውንና አልጌውን ሲያሟሙ፣ ከባሕሩ ውኃ ይልቅ ወደ አሲድነት የሚያደላው የአንጀቱ ፈሳሽ ደግሞ ከኮራልና ከዛጎል ፍርስራሽ የመጣውን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣት በከፊል ያሟሟል። ሕይወታዊ ቁሱ የተቀነሰለት አሸዋ በቀጭን ልባስ ተጠቅልሎ፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ወቅቱ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ በሌላው ጫፍ ይወጣል። በተለይ መታወቅ ያለበት፣ ከባሕር የተያዘ የአሸዋ ኪያር አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ውስጥ ደለል መያዙ ነው፤ የነጋዴዎቹ የእጅ ሥራ በሙሉ የተቀረጸው በዚህ እውነታ ላይ ነውና።

ይህን እንስሳ ወደ ሸቀጥነት የለወጠው የቻይና ማዕድ ነው። የደረቀ የባሕር ኪያር በቻይና ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ የታወቀ የግብዣ ምግብና የሰውነት መጠገኛ ሲሆን፣ በቺንግ ዘመን የሀብታሙ ወገን እየበዛ ሲሄድ በአገሪቱ የራስ ባሕር የሚገኘው ሊበቃ አልቻለም። ስለዚህ ከሺያመን ወደብ የሚነሡ የቻይና መርከቦች ወደ ማካሳር እየመጡ መግዛት ጀመሩ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻም በማሌይ ቋንቋ ትሪፓንግ የሚባለው የደረቀ የባሕር ኪያር ከማካሳር ወደ ውጭ ከሚላኩት ሸቀጦች ዋነኛው ሆነ። ማካሳርን በ1667 እና በ1669 መካከል በጦርነት የያዘው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለቅመማ ቅመም ብርቱ ቁጥጥር ሲያደርግ፣ ትሪፓንግን ግን በአመዛኙ ለአገሩ ሰዎችና ለቻይና ነጋዴዎች ተወው፤ ቅመም የተነፈገው መርከበኛ ማንም ያልከለከለውን እንስሳ ተከትሎ ወደ ደቡብ መውረዱም ከዚህ የመጣ ይመስላል።

ጉዞው በነፋስ የተወሰነ ነበር። በታኅሣሥ ወር ከምዕራብ የሚነፍሰው የዝናብ ወቅት ነፋስ ሲጀምር ፕራው የሚባሉት ጀልባዎች ከማካሳር ይነሡና ማሬጌ ብለው ወደሚጠሩት የአርንሄም ላንድ ዳርቻ፣ ሌሎቹ ደግሞ ካዩ ጃዋ ወደሚሉት የኪምበርሊ ዳርቻ ያመራሉ፤ በሚያዝያ ገደማ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲዞር ይመለሳሉ። በእነዚህ አራት ወራት ከአንዱ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ወደ ካርፐንቴሪያ ባሕረ ሰላጤ ይዘልቃሉ። የሰፈሮቻቸው ፍርስራሽ የሚገኝባቸው ቦታዎች ከኃይለኛ ማዕበል የተከለሉ፣ ውኃቸው ጥልቀት የሌለው፣ ወለላቸው ጭቃማ አሸዋ የሆነና ማንግሮቭ በአጠገባቸው የሚበቅል ናቸው። የመልሕቅ ደኅንነት፣ የመጠጥ ውኃና ማገዶ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ የንግዱ ካርታ ከሁሉ በፊት የደለል ካርታ ነበር ማለት ይቻላል። የማካሳር አለቆች የእንስሳውን አንጀት ያጠኑ ባይሆኑም፣ በየትኛው ወለል ላይ እንደሚሰማራ በልምድ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

እንስሳው የሚሰበሰበው ውኃው ሲሸሽ በእጅ በመልቀም፣ በጦር በመውጋት ወይም በመጥለቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሥራ ፈጣን መሆን ነበረበት፤ ምክንያቱም የሞተ የባሕር ኪያር በሙቀት ቶሎ ይበሰብሳል፣ በአንጀቱ ያለው ደለልም ብስባሴውን ያፋጥነዋል። በዳርቻው ላይ በድንጋይ ረድፍ በተሠሩ ምድጃዎች ላይ ትልልቅ የብረት ድስቶች ይጣዳሉ፤ እንስሳው ይቀቀላል፣ ሆዱ ይሰነጠቃል፣ አንጀቱ ከነአሸዋው ተጎትቶ ይወጣል። ይህ ደረጃ በጥንቃቄ ካልተፈጸመ ጭነቱ በጉዞ ላይ ይበላሻል፤ ቢደርስም በተመጋቢው ጥርስ ሥር አሸዋ ይገኛል፣ የቻይና ገዢም ዋጋውን ይጥላል። የአሸዋ ኪያር በተጨማሪ ከቆዳው ሥር ዓይን የማያያቸው እልፍ የኖራ ቅንጣቶች ስላሉት፣ ከተቀቀለ በኋላ በአሸዋ ውስጥ ይቀበርና የላይኛው ኖራማ ልባስ ሲላላ ወጥቶ ይፋቃል። ቀጥሎ ከማንግሮቭ ቅርፊት ጋር እንደገና ሲቀቀል ቀላ ያለ መልክ ይይዛል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ከማካሳር ተጭኖ በመጣ ቀርከሃና ምንጣፍ በተሠራ ጎጆ ውስጥ በጢስ ይታጠናል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚቀረው ደረቅ ሥጋ ከሕያው ክብደቱ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ከትንሹ ጭነት በስተጀርባ እጅግ ብዙ እንስሳ መኖሩም በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ ንግድ ከተጻፉት የዐይን ምስክርነቶች ሁሉ የሚበልጠው የእንግሊዛዊው መርከብ አዛዥ የማቲው ፍሊንደርስ ነው። ፍሊንደርስ በኢንቨስቲጌተር መርከብ አውስትራሊያን ሲዞር፣ በ1802 መጨረሻ በካርፐንቴሪያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የድንጋይ ምድጃዎች፣ የተሰበሩ እንስራዎችና ቀርከሃ አይቶ የማን እንደሆኑ ሊያውቅ ባለመቻሉ ተጨንቆ ነበር። መልሱን ያገኘው በየካቲት 1803 በአርንሄም ላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ከስድስት ፕራዎች ጋር ሲገናኝ ነው። የስድስቱ አለቃ ፖባሱ የሚባል አዛውንት ሲሆን፣ በኢንቨስቲጌተር ላይ ይሠራ የነበረ ማሌይ ወጥ ቤት በአስተርጓሚነት አገናኛቸው። ፖባሱ ባለፉት 20 ዓመታት ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ወደዚያ ዳርቻ እንደመጣ፣ በዚያ ወቅት 60 ፕራዎችና 1000 ሰዎች በባሕሩ ላይ እንደተሠማሩ፣ ጠላቂዎቹ ከሦስት እስከ ስምንት ፋቶም፣ ማለትም ከ5 እስከ 15 ሜትር ገደማ ወርደው፣ ከበዛ በአንድ ጊዜ ስምንትና አሥር እንስሳ ይዘው እንደሚወጡ ነገረው። የያዘው መሣሪያ አንዲት ትንሽ ኮምፓስ ብቻ ነበረች፤ ካርታ አልነበረውም። በጉልበቱም ላይ የአገሩ ሰዎች ጦር የተወው ጠባሳ ነበር።

ፖባሱ የሰጠው ሌላ ቁጥር የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚያተኩሩበት በላይ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ሺህ የደረቀ ትሪፓንግ አንድ ፒኩል፣ ማለትም 60 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የአንድ ፕራው ሙሉ ጭነትም 100 ፒኩል ነው። እንግዲህ አንዱ ጀልባ 100,000 እንስሳ ይጭናል፤ ስልሳው ሁሉ ሞልተው ተመልሰው ከሆነ በአንድ ወቅት 6 ሚሊዮን እንስሳ ከባሕሩ ወለል ተነሥቷል ማለት ነው። ጀልባ ሁሉ ሞልቶ አይመለስም፤ በመሆኑም ይህ ከፍተኛው ወሰን እንጂ የተረጋገጠ መጠን አይደለም። ቢሆንም ሥራው በጥቂት ዓሣ አጥማጆች የሚሠራ የጎንዮሽ ሙያ ሳይሆን፣ ከፍ ባለ ደረጃ የተደራጀና በብድር የሚንቀሳቀስ ኢንዱስትሪ እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

ከዳርቻው ሕዝቦች፣ በተለይም ከዮልንጉዎች ጋር የነበረው ግንኙነት በጦርና በስጦታ መካከል ሲመላለስ ኖረ። ደም የፈሰሰበት ጊዜ ነበር፤ በአንጻሩ ግን ማካሳሮች መሬቱን ለመያዝ ስላልመጡና ነፋሱ ሲዞር ተመልሰው ስለሚሄዱ፣ ትንባሆ፣ ብረት፣ ጨርቅና ሩዝ እየሰጡ የመስፈሪያ ፈቃድና የጉልበት እርዳታ የሚያገኙበት ሥርዓት ተመሠረተ። ዮልንጉዎች ከአንድ ግንድ የሚቦረቦረውን ታንኳ ከእነርሱ ወሰዱ፤ ብዙ ቃላት ወደ ቋንቋዎቻቸው ገቡ፤ ፕራዎቹ በዋሻ ግድግዳዎች ላይ ተሳሉ፤ አንዳንድ ዮልንጉዎችም ወደ ማካሳር ተሻግረው ኖሩ። ማካሳሮች ይዘውት የመጡት የሮቃ ፍሬ በሰፈሮቻቸው በቅሎ ዛሬም ዛፎቹ የቀድሞውን የመቀቀያ ቦታ ያመለክታሉ። ከአውሮፓውያን ቅኝ አገዛዝ ጋር ሲነጻጸር ይህ ግንኙነት የተሻለ እንደነበር መናገር ማጋነን አይሆንም፤ የዮልንጉ የአምልኮ ዝማሬዎችም ማካሳሮችን እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

ብሪታንያ የዚህን ንግድ ጥቅም ለመካፈል በሰሜን አውስትራሊያ ዳርቻ፣ በሜልቪል ደሴት በ1824፣ በራፍልስ ባሕረ ሰላጤ በ1827፣ በፖርት ኤሲንግተን ደግሞ በ1838 የጦር ሰፈር አቋቁማለች። ተስፋው ፕራዎቹ ወደነዚህ ወደቦች እየመጡ ሲነግዱ ሁለተኛ ሲንጋፖር እንዲፈጠር ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስከ 1829 ባለው ጊዜ፣ ሦስተኛውም በ1849 ተዘጉ። የማካሳር ነጋዴ ብድሩም ገዢውም ያለው በማካሳር ስለሆነ ሸቀጡን ለእንግሊዝ ወታደር የሚሸጥበት ምክንያት አልነበረውም። ሰሜናዊውን ግዛት ታስተዳድር የነበረችው ደቡብ አውስትራሊያ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በፕራዎቹ ላይ ቀረጥና የፈቃድ ክፍያ ጫነች፤ በ1906 ደግሞ ለውጭ ጀልባዎች ፈቃድ መስጠት እንዲቆም ወሰነች። የመጨረሻው ፕራው ኡሲንግ ዳዔንግ ራንግካ በሚባል አለቃ ተመርቶ በ1907 ወደ ማካሳር ተመለሰ። ንግዱን የዘጋው የእንስሳው ማለቅ ሳይሆን የመንግሥት ደብዳቤ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ባሕሩ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ተሰብስቦበት ገና ትሪፓንግ ነበረው። የነፋሱ ዑደት ከዓመቱ ሁለት ሦስተኛውን ለወለሉ የዕረፍት ጊዜ አድርጎ መተዉና ጠላቂው በራሱ ትንፋሽ መወሰኑ ለዚህ ዋነኞቹ ምክንያቶች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የፊጂ ታሪክ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከምትገኘው ከሳሌም ከተማ የሚነሡ መርከቦች ከ1828 እስከ 1835፣ እንደገናም በ1840ዎቹ የባሕር ኪያር ለመሰብሰብ ወደ ፊጂ ሄዱ፤ ማድረቂያቸው ረጃጅም የእሳት ቤቶች ስለነበሩ በየዳርቻው ደን ይጨፈጨፍ ነበር፣ ለአካባቢው አለቆች የሚከፈለውም በአብዛኛው ጠመንጃና ባሩድ ስለሆነ የደሴቶቹን ጦርነቶች አባባሰ። እንስሳው ሲያልቅባቸው መርከቦቹ ጥለው ሄዱ።

እንስሳው በወለሉ ላይ የሚሠራው ሥራ ለሳይንስ ግልጽ የሆነው ንግዱ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1842 ባሳተመው የኮራል መጽሐፉ የባሕር ኪያሮች ኮራል እየበሉ ወደ ደቃቅ ጭቃ ይለውጣሉ የሚል ከሌሎች የሰማውን ሐሳብ አስፍሯል፤ ሕያው ኮራል አለመብላታቸው ቢታወቅም፣ ከአንጀታቸው የሚያልፈው ቁስ ብዛት ያለው መሆኑን መገመቱ ትክክል ነበር። በታላቁ የኮራል አጥር ላይ ባለችው በሄሮን ደሴት ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ሆሎቱሪያ አትራ የሚባለው ጥቁሩ የባሕር ኪያር እያንዳንዱ በዓመት 14 ኪሎ ግራም ያህል ደለል እንደሚያሳልፍ፣ በደሴቲቱ ዙሪያ ባለው የኮራል አጥር (ሪፍ) ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ የባሕር ኪያሮች እንደሚኖሩና በድምሩ በዓመት 64,000 ቶን ገደማ ደለል እንደሚገለብጡ ገምቷል። ገበሬ ማሳውን ሲያርስ አፈሩ አየር እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ይህ መገልበጥ ኦክስጅን ወደ ደለሉ ያስገባል፤ የሚበሰብሰውን ቁስ ይቀንሳል፤ ከእንስሳው የሚወጣው አሞኒያም ለአልጌና ለባሕር ሣር ማዳበሪያ ይሆናል። በዋን ትሪ ደሴት በተደረገ ጥናት ደግሞ በአንጀታቸው የሚሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት ኮራሎች አጽማቸውን ለሚሠሩበት ውኃ የኬሚካል ሚዛን የበኩሉን ድርሻ እንዳለው ታይቷል። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በሞኦሬያ በተካሄደና በ2024 በታተመ ሙከራ፣ የባሕር ኪያሮች የተለቀሙበት ወለል ላይ ያሉት ኮራሎች ከሌሎቹ ይልቅ በብዙ እጥፍ ሞተዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ፖባሱ ከነገረው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የንግዱ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። ዓይነቱ ቢለያይም፣ በአንድ ወቅት ሊጫን ይችል የነበረው ጭነት በሄሮን ሪፍ ላይ ካለው የባሕር ኪያር ሁሉ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ከማሬጌ ወደ ቻይና የተጓጓዘው ሥጋ ብቻ ሳይሆን፣ በየባሕረ ሰላጤው ደለል ሲያጸዳ የነበረ አንጀት ጭምር ነበር፤ ይህን ጉድለት ግን የማንም ሒሳብ መዝገብ አልያዘውም።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የቻይና ገበያ እንደገና ሲሰፋ፣ በአየር መጭመቂያና በሞተር ጀልባ የታገዘው ስብሰባ ነፋስ ያስጠብቀው የነበረውን ዕረፍት አጠፋ። በጋላፓጎስ በ1994 በሙከራ መልክ የተፈቀደው 550,000 እንስሳ ሆኖ ሳለ የተሰበሰበው ብዙ ሚሊዮን ሆነ። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ስብሰባ ወለሉን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላራቆተው መንግሥት ለመዝጋት ተገደደ። የአሸዋ ኪያርም በ2013 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ በተደቀነባቸው ዝርያዎች መዝገብ ገባ። በሌላ በኩል በ1988 በሕንድ ቱቲኮሪን ይህ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ ተፈልፍሏል፤ ማካሳሮች ይሰፍሩበት በነበረው ዳርቻ አጠገብ በጎልበርን ደሴቶች የሚኖረው የዋሩዊ ማኅበረሰብም የተፈለፈሉ ጫጩቶችን በባሕሩ ወለል ላይ የማሳደግ ሙከራ አድርጓል። ይህ እንስሳ የሚገኝባቸው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ አገሮች የስብሰባ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት፣ ከደረቀው ሥጋ ዋጋ ጋር በየዓመቱ የሚያጸዳውን ደለል መጠን አብረው ሊያሰሉት ይገባል።